ያልታወቀ ላኪ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ አፉላ ሙቀቱ ገና አልወጣላትም፤
ፍሬ ቆይው ዘግቷል፣ የሱፍ ሽታው ግን ከጣቢያው አልጠፋም።
ቀን የሰው ግብር ስደምር ውዬ፣
ማታ ከኮምፒውተር ፊት ተተክዬ፣
ደብዳቤ እልካለሁ።
ተመልሶ ይመጣል።
ደግሜ እልካለሁ።

የምልከው ለአባቴ ነው፣ ከደቡብ፣ ኔቲቮት ላለው፣
የዓይን ሞራ ጋርዶት ፊደል ከጉንዳን ለማይለየው።
የልጅ ልጁ አሳፍ መጽሐፍ ገዝቶለታል፣ ገጽ የሌለው ጠፍጣፋ፣
በጣት ሲነኩት ፊደሉ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ የሚሰፋ።

ውስጡ እንዲገባ የፈለግሁት የአጎቴ የጌጡ ቃል ነው፣
ሃያ ሦስት ዓመት ከጎንደር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈው፦
"ዘንድሮስ ሳይጠሩን አይቀሩም፤ በሬውን ሸጫለሁ፤"
"ለፋሲካ ካልሆነ ለመስከረም እደርሳለሁ።"
ሁሉንም አንድ በአንድ ለቅሜ ተየብሁ፤
ያለችኝን አንዲት ፎቶውን ፊት ገጽ ላይ ለጠፍሁ።

ማሽኑ ግን በዕብራይስጥ፣ በጨዋ ቋንቋ መለሰልኝ፦
"ሰነዱ አልደረሰም።"
ከግርጌ በደቃቅ የተጻፈውን ማን ያነባል?

አድራሻውን ጠረጠርሁ፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ ፊደል በፊደል ቆጠርሁ፤
ነጥቧም አለች፣ ቁጥሩም አለ። እንደገና ሰደድሁ።
ተመለሰ።
ክብደቱ ይሆናል ብዬ የአጎቴን ፎቶ ነቀልሁ፤
"ይቅር በለኝ ጌጡ፣ የከበድኸው አንተ ነህ" አልሁ።
ተመለሰ።
የፋይሉን ዓይነት ለወጥሁ። ተመለሰ።
ስሙን በላቲን ጻፍሁ። ተመለሰ።
ወርጄ ላሪሳን አንኳኳሁ፣ "ያንቺስ መስመር ይሠራል?"
ከጀርባዋ በሩሲያኛ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ ተከታታይ ድራማ ነው፤
"ይሠራል" አለችና ከንፈሯን መጠጠችልኝ፣
ከእኛ የተማረችው።
የዋይፋዩን ሳጥን ነቅዬ፣ አሥር ቆጥሬ፣ መልሼ ሰካሁ።
ተመለሰ።

በስድስተኛው ነው መነጽሬን አጥልቄ
ግርጌውን ያየሁት፣ ደቃቁን ጽሑፍ አጮልቄ፦
"ላኪው ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም።"

ደወልሁ። "አባ፣ መጽሐፍህ አላውቅሽም አለኝ፤
ያልተፈቀደላት ብሎ በር ዘጋብኝ።"
መጀመሪያ ዝም አለ። ኋላ ሳቀ፣ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ፦
"ይህችን ደብዳቤስ ወንድሜም ያውቃታል።"

"ደግሞ እኮ አስገብቼሻለሁ፣ ለአሳፍ ስምሽን ነግሬ!"
"ማን ብለህ?"
"ትርንጎ ነዋ! ሌላ ስም አለሽ እንዴ እስከ ዛሬ?"

አለኝ እንጂ።
በመጣን ሰሞን፣ በአሥር ዓመቴ፣ ትርንጎ ምላሷ ላይ አልዞር ብሏት
መምህርቷ "ኦሪት" ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈችኝ።
አባቴ ያን ማታ እራት አልበላም፦
"ኦሪት ቆመን የምንሰማው ነው፤
ድስት እጠቢ ተብሎ ይታዘዛል?"
ቤት ትርንጎ፣ ውጭ ኦሪት ሆኜ አደግሁ።
መታወቂያዬ ኦሪት ነው፣ ደመወዜ ኦሪት፣
ኢሜይሌም።

አሳፍ ስልኩን ተቀበለው። "ዝቅ በል፣ ዝቅ፤ እሱን ንካ።"
"አገኘሁት። ትርንጎን ላጥፋት?"
አባቴ ከጀርባው፦ "እሷን እንዳትነካ!
ከሥሯ ጨምር።"

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ።
"መጡ" አለኝ።
"ስንት?"
"አራት። አራቱም ጌጡ ናቸው።"
"አንዱ ይበቃሃል አባ፤ ሦስቱን አሳፍ ያጥፋቸው።"
"ተይው። አንዴ ለመምጣት ሃያ ሦስት ዓመት ደጅ የጠና ሰው
አራት ጊዜ ቢመጣ ምናለበት፤ ቤት አይጠበው።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ፊቱስ? ፎቶው የታለ?"

ከብዶ ነበር አላልሁትም።
ለብቻው ላክሁት።
ሰማያዊዋ መስመር እኩሌታ ድረስ ሄዳ ቆማለች፤
እስካሁን "በመላክ ላይ" ትላለች።